የቤት አኳሪየም ሳምፕ አሠራር፦ መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይገባል?

መጀመሪያ የሠራሁት ሳምፕ፣ ማለትም ከዓሣ ገንዳው ሥር የሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ፣ ሦስት ሳምንት ያህል በጣም ጥሩ ሆኖ ሠራ። ድምፅ የለውም፣ ውሃው ጠርቷል፣ ማሞቂያውም ቱቦውም ከዓይን ተሰውሯል። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ተነስቼ ወደ ሳሎን ስገባ እግሬ ውሃ ረገጠ። የፈነዳ ቱቦ የለም፣ የላላ ማያያዣም የለም። ሁሉም ነገር እኔ እንደሠራሁት ነው የሠራው። ፓምፑ ሲቆም ከላይ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ግን አንድም ቀን አስልቼ አላውቅም ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ እዚህ ማጣሪያ ከሚሆኑት ከስፖንጅና ከሴራሚክ አልጀምርም። እነሱ ቀላሎቹ ናቸው፤ ተሳስታችሁ ብታስገቡ እንኳ ነገ አውጥታችሁ ትቀይራላችሁ። በሲሊኮን ተጣብቆ ያለቀ መስታወት ግን እንዲህ በቀላሉ አይስተካከልም። ሳምፕ የሚነደፈው መብራት ከጠፋበትና መውረጃው ከተደፈነበት ቀን ተነስቶ ነው። እነዚያን ሁለት ቀኖች የሚችል ከሆነ ሌላው በሙሉ ይገባል።

ነገሩ ምንድነው?

ሳምፕ ከዋናው ገንዳ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ቁምሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ በመውረጃው በኩል በራሱ ክብደት ይወርዳል። በክፍሎቹ እያለፈ ይጣራል። መጨረሻ ክፍል ውስጥ ያለው ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። በቃ ይኸው ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። አጠቃላይ የውሃው መጠን ይጨምራል፤ ውሃ በበዛ ቁጥር ሙቀቱም ጠባዩም ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም። ውሃው ሲወርድ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ ኦክስጅን ያገኛል። መውረጃው ከላይ ላይ ስለሚወስድ በውሃው ወለል ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዋናው ገንዳ ከፍታ አይቀንስም፤ የተነነው ውሃ የሚጎድለው ከታች፣ ከፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ሜትር፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ያዙ። ለምሳሌ እንዲመቸን ዋናው ገንዳ 120 ሴንቲ ርዝመት፣ 45 ወርድ፣ 50 ከፍታ አለው እንበል። ሳምፑ ደግሞ በውስጥ ልኬት 80 ርዝመት፣ 35 ወርድ፣ 40 ከፍታ። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ፓምፑ ሲቆም ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከመውረጃው ጠርዝ በላይ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ መውረዱን ይቀጥላል። ሁለተኛውን ነው ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ፓምፑ ሲገፋበት የነበረው የመመለሻ ቱቦ አሁን በተቃራኒው ይስባል። አፉ ውሃ ውስጥ እስካለና አየር እስካላገኘ ድረስ አይቆምም። የኔ ቱቦ አፉ 12 ሴንቲ ጠልቆ ነበር። 120 × 45 × 12 አባዙና ለ1000 አካፍሉት፤ ወደ 65 ሊትር ይመጣል። ያ ሁሉ ውሃ ነው ሳሎን ውስጥ የጠበቀኝ።

መፍትሔው የቱቦውን አፍ ከውሃው ወለል 2 ሴንቲ ገደማ ብቻ ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ ትንሽ ውሃ እንደወረደ አፉ አየር ያገኝና መሳቡ ይቆማል። ከመውረጃው የሚመጣውን ጨምረን በጠቅላላው 3 ሴንቲ ይወርዳል ብንል፣ 120 × 45 × 3 ሲሰላ 16.2 ሊትር ነው። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ከ1 ሊትር አይበልጥም። 17 ሊትር እንያዝ። የሳምፑ ወለል 80 × 35 ማለትም 2,800 ካሬ ሴንቲ ነው፤ 17 ሊትር ሲገባበት ውሃው በ6 ሴንቲ ከፍ ይላል። እኔ ሁልጊዜ ለ20 ሊትር ነው ቦታ የምተወው፣ ያ ደግሞ 7 ሴንቲ ያህል ነው።

አንዳንዱ ሰው "ቼክ ቫልቭ አስገባለሁ፣ ወደ ኋላ አይመለስም" ይላል። ቼክ ቫልቭ ይሠራል፣ አልጌና ቆሻሻ ምላሱ ሥር እስኪገባ ድረስ። አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ትበቃዋለች። በመመለሻ ቱቦው ላይ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ 5 ወይም 6 ሚሊ ቀዳዳ መብሳትም ይቻላል፣ ግን እሱም ይደፈናል። ሁለቱም ተጨማሪ ይሁኑ እንጂ ዋና መተማመኛ አይሁኑ። ዋናው መተማመኛ ሳምፑ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

አሁን የተገላቢጦሹን አስቡ። ፓምፑ እየሠራ ነው፣ መውረጃው ግን በቅጠል ተደፈነ። ፓምፑ የሚገፋው እሱ ክፍል ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ክፍሎች መከለያ ይዟቸዋል። ስለዚህ የፓምፑ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ቢገባ ሞልቶ መፍሰስ የለበትም። ክፍሉ 28 በ35 ከሆነና ውሃው ከ20 ሴንቲ እስከ 8 ሴንቲ ሊወርድ ይችላል ካልን (ከዚያ በታች ፓምፑ አየር ይስባል)፣ 28 × 35 × 12 ወደ 11.8 ሊትር ይሆናል። ይህን ለላይኛው ገንዳ ወለል፣ ማለትም ለ5,400 ብታካፍሉት 2.2 ሴንቲ ነው። እንግዲህ ላይኛው ውሃ ከጠርዙ 4 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ከሠራ ምንም አይፈስም። የፓምፑን ክፍል በጣም ሰፊ ማድረግ ጥሩ የሚመስለው ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

በጣም ጠባብም አይሁን። ከላይ የተነነው ውሃ የሚጎድለው ከዚህ ክፍል ነው ብለናል። በቀን 2 ሊትር ቢተን እዚህ ክፍል ውስጥ 2 ሴንቲ ይቀንሳል። 12 ሴንቲ አላችሁ፤ ሳትጨምሩ 6 ቀን ገደማ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ፓምፑ መንፋት ይጀምራል። ክፍሉ ግማሽ ቢሆን 3 ቀን ነው። በተንሳፋፊ ኳስ የሚከፈት ራሱን የሚሞላ ነገር ካልገጠማችሁ ይህን ቁጥር ማወቅ አለባችሁ።

ገንዳውን መምረጥና ቦታውን መለካት

ሳምፑ ከዋናው ገንዳ ቢያንስ ሩብ፣ ቢቻል ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። አሮጌ የማያፈስ አኳሪየም ካላችሁ ከሁሉ የሚቀለው እሱን መከፋፈል ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ የሚጠቀሙም አሉ። ለትንሽ ገንዳ ይሆናል፤ ግን ውሃ ሲሞላ ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል፣ ሲሊኮንም ፕላስቲክ ላይ በደንብ አይዝም። ከ60 ሊትር በላይ ከሆነ በመስታወት ሥሩት።

ቁምሳጥኑን ስትለኩ የውስጡን ስፋት ብቻ አትለኩ። በሩን ለኩ። ሁለተኛው ሳምፔ ውስጡ ልክ ይገባ ነበር፣ በበሩ መሃል ያለው ቋሚ እንጨት ግን አላሳለፈውም። ዋናው ገንዳ ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ ሞልቶ፣ እንጨቱን መቁረጥ አይታሰብም። ከሳምፑ በላይም ቢያንስ 20 ሴንቲ ክፍት ይኑር፤ ስፖንጁንና የማጣሪያ ከረጢቱን የምታወጡት በዚያ በኩል ነው። እጃችሁ የማይገባበት ሳምፕ አይጸዳም።

ክብደቱንም አስቡ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ሥሩ ጠፍጣፋ መሆኑን በውሃ ልክ አረጋግጡና 1 ሴንቲ ገደማ ውፍረት ያለው ፎም አንጥፉበት።

ክፍሎቹን መሥራት

ውስብስብ ንድፍ አያስፈልግም። ሦስት መከለያ መስታወት፣ ሦስት ክፍል። ውሃው በመጀመሪያው ላይ በላዩ ይሻገራል፣ በሁለተኛው ሥር ሾልኮ ያልፋል፣ በሦስተኛው እንደገና በላዩ ይሻገራል። ይህ መውጣትና መውረድ ነው አረፋውን የሚያስቀረው፤ አረፋ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በሥር ማለፍ ይከብደዋል።

በኛ 80 ሴንቲ ሳምፕ እንዲህ ይከፈላል። ውሃው የሚያርፍበት የመጀመሪያ ክፍል 20 ሴንቲ። ከዚያ 28 ሴንቲ ከፍታ ያለው መከለያ። ቀጥሎ 26 ሴንቲ ስፋት ያለው የማጣሪያ ክፍል። ከዚያ ከወለሉ 4 ሴንቲ ከፍ ብሎ የሚጣበቅ፣ ጫፉ 32 ሴንቲ ላይ የሚደርስ ሁለተኛ መከለያ። 4 ሴንቲ ክፍተት። ከዚያ 25 ሴንቲ ከፍታ ያለው ሦስተኛ መከለያ። የቀረው 28 ሴንቲ የፓምፑ ነው፤ 2 ሴንቲዋን የመስታወቶቹ ውፍረት ይወስዳታል።

ይህን ሁሉ ከደመራችሁ፣ ፓምፑ ሲሠራ ሳምፑ ውስጥ 65 ሊትር ገደማ አለ። 17 ሊትሩ ሲጨመርበት ውሃው በሁሉም ክፍል እኩል ሆኖ 30 ሴንቲ ላይ ይቆማል። ሳምፑ 40 ሴንቲ ነው። 10 ሴንቲ ትርፍ አላችሁ፤ እንቅልፍ የሚያስተኛው ይህ ቁጥር ነው።

የ4 ሴንቲዋን ክፍተት አታጥብቡ። በሰዓት 1,250 ሊትር ቢያልፍባት ውሃው በሰከንድ 2.5 ሴንቲ ብቻ ነው የሚጓዘው፣ በዚህ ፍጥነት አብዛኛው አረፋ አምልጦ ይወጣል። 1 ሴንቲ ብታደርጓት ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆንና አረፋውን ይዞት ወደ ፓምፑ ይገባል። ከዚያ ላይኛው ገንዳ በጥቃቅን አረፋ ይሞላል፣ ምክንያቱን ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ለመከለያዎቹ 5 ወይም 6 ሚሊ መስታወት ይበቃል፤ በሁለቱም በኩል ውሃ ስላለ ብዙ ጫና የለባቸውም። ስታስቆርጡ ከሳምፑ የውስጥ ወርድ 3 ወይም 4 ሚሊ አሳንሳችሁ አስቆርጡ። ልክ በልክ ከሆነ ለሲሊኮኑ ቦታ አይኖርም፣ ሲገፋም ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርዙን አስሞርዱት፤ ለዓመታት እጃችሁ የሚገባበት ቦታ ነው።

ሲሊኮኑ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ብዙ ጊዜ ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት አለበት፤ ያ መድኃኒት ዓሣ ይገድላል። ለአኳሪየም የሚሆን ተብሎ የተጻፈበትን፣ ወይም መቶ በመቶ ሲሊኮን የሆነውንና ምንም የሻጋታ መከላከያ የሌለበትን ብቻ ግዙ። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ነው ብዙ ጊዜ የሚሆነው።

አጣበቁ እንዲህ ነው። መስታወቱን በአሴቶን ወይም በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። አሮጌ ገንዳ ከሆነ መከለያው የሚያርፍበትን ቦታ አሮጌ ሲሊኮን በምላጭ ፋቁት፤ አዲስ ሲሊኮን አሮጌው ላይ አይዝም። የመከለያውን ቦታ ከውጭ በማርከር አስምሩ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ሲሊኮኑን ሳታቋርጡ አውጡ፣ መከለያውን አቁሙ፣ በሁለት በኩል ልክ ተደርጎ የተቆረጠ እንጨት ደግፉት፣ ከዚያ በጎኖቹ ላይ አንድ ዙር ጨምሩና በረጠበ ጣት አለስልሱት። ፕላስተሩን ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ላጡት። ከደረቀ በኋላ ከላጣችሁት ጠርዙን ይዞት ይመጣል።

ከዚያ ተዉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከላይ በ24 ሰዓት የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። ቢያንስ 48 ሰዓት፤ እኔ ግን የአቼቶ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ነው የምጠብቀው። ሲያልቅ ሳምፑን ቁምሳጥን ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ውሃ ሙሉበት። አንድ ቀን ይደር። ወረቀቱ የረጠበበት ቦታ ካለ የሚያፈስሰው እዚያ ነው።

መውረጃው

ሁለት መንገድ አለ፦ መስታወቱን መብሳት፣ ወይም ሳይበሱ ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል ሳጥን መግዛት። የሚንጠለጠለው በሳይፎን ነው የሚሠራው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ቱቦው ውስጥ አየር ሲጠራቀም ሳይፎኑ ሊቋረጥ ይችላል፤ ፓምፑ ግን አያውቅም፣ መግፋቱን ይቀጥላል። ከመረጣችሁት ቅድም ያሰላነው 2.2 ሴንቲ እናንተን የሚያድናችሁ እሱ ነው። የሚችል ሰው ይብሳ እላለሁ።

ከመብሳታችሁ በፊት መስታወቱ በሙቀት የጠነከረ አለመሆኑን አረጋግጡ። እንዲህ ዓይነቱ ሲበሳ ዱቄት ይሆናል፤ በተለይ የብዙ ገንዳዎች ወለል እንዲህ ነው። አንዱ መፈተሻ፣ የኮምፒውተር ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ ከመስታወቱ ኋላ ማቆምና ከፊት ለፊት በፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ማየት ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ካያችሁ አትንኩት።

ቀዳዳው ላይ የሚገባውን ብሎንና ጎሚኒ ያለውን ማያያዣ መጀመሪያ ግዙ፣ የመብሻውን አልማዝ ምላጭ በእሱ ልክ ምረጡ። ከቀዳዳው ጫፍ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይቅር። መሰርሰሪያውን በዝግታ አሽከርክሩ፣ አትጫኑት፣ አንድ ሰው እያገዘ ሳያቋርጥ ውሃ ያፍስስበት። ከጀርባ ፕላስተር ለጥፉ። የመጨረሻዋ ሚሊ ላይ ጭራሽ አትግፉ፤ በራሱ ክብደት ይውረድ። ማያያዣውን ስትገጥሙ ጎሚኒው በሰፊው ከንፈር በኩል፣ በውሃው ወገን ይሁን። ብሎኑን በእጅ አጥብቃችሁ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ።

ሁለት ቀዳዳ ብሱ። ይህ ላይ አልደራደርም። አንዱ ዋና፣ አንዱ የአደጋ ጊዜ። ዋናው ላይ ቀስ በቀስ የሚዘጋ ቫልቭ ይገባል፤ ቫልቩን እያጠበባችሁ ቱቦው አየር ሳይስብ በውሃ ብቻ እንዲሞላ ታደርጋላችሁ፣ ያኔ ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። ሁለተኛው አፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል። ዋናው ከተደፈነ ውሃው ከፍ ይልና በሁለተኛው ይወርዳል፤ የመንጎራጎሩን ድምፅ ስትሰሙ የሆነ ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ። ሰዎች ኸርቢ የሚሉት አሠራር ይኸው ነው። ሁለተኛው ላይ ቫልቭ አይገባም። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካላችሁ ደግሞ እሱም ላይ ቫልቭ አታስገቡ፤ ራሱ ላይ የአየር ቀዳዳ ያለው ቆልማማ ቱቦ፣ ዱርሶ የሚባለውን ተጠቀሙ።

መውረጃው ሁልጊዜ ከመመለሻው ይስፋ። ላይ የሚገፋ ኃይል አለው፣ ታች የሚወርድ ግን የራሱ ክብደት ብቻ ነው ያለው። ለምሳሌያችን መመለሻው 20 ወይም 25 ሚሊ ቢሆን መውረጃውን 32 ሚሊ አድርጉት። ውሃው የሚሻገርበትን ጥርስ ያለው ጠርዝ በተመለከተ፣ በግምት ለአንድ ሴንቲ በሰዓት 100 ሊትር አድርጉ። ለ1,250 ሊትር 13 ሴንቲ ይበቃል ማለት ነው፣ እኔ ግን ከ20 በታች አልወርድም። ጠርዙ በረዘመ ቁጥር በላዩ የሚያልፈው ውሃ ይሳሳል፣ መብራት ሲጠፋ የሚወርደውም ያንሳል።

ፓምፕና ቱቦ

ለተራ የጨው አልባ ውሃ አኳሪየም በሰዓት ከዋናው ገንዳ 4 እስከ 6 እጥፍ ይበቃል። 250 ሊትር ገንዳ በ5 ሲባዛ 1,250 ሊትር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚሰጠው ነው። ውሃ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀንሳል። ከፍተኛው ከፍታ 2.5 ሜትር የተባለ ፓምፕ 1.25 ሜትር ላይ በግምት ግማሹን ነው የሚሰጣችሁ፤ እያንዳንዱ መታጠፊያም ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 2,500 የሚለውን ፈልጉ፣ ወይም የተሻለው፣ ከጎኑ ያለውን ከፍታና መጠን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አንብቡ።

ፓምፑ አጠገብ ዩኒየን (በእጅ የሚፈታ መገጣጠሚያ) ግጠሙ፤ ለጽዳት ስታወጡት ቱቦ መቁረጥ አይኖርባችሁም። ጠንካራውን ቱቦ ከፓምፑ ጋር በአጭር ለስላሳ ጎማ ካገናኛችሁት ንዝረቱ ወደ ቁምሳጥኑ አይተላለፍም፤ ጎማውን በፋሼታ አጥብቁት። የፒ.ቪ.ሲ. ማጣበቂያውን ከቀባችሁ በኋላ አንድ ቀን ይደር። ጥርስ ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ ቴፍሎን ይጠቅለልበት።

የመውረጃው ቱቦ ሳምፑ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ከውሃው 2 ወይም 3 ሴንቲ ብቻ ይግባ። በጣም ካጠለቃችሁት ቱቦው ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣና ይንጎራጎራል፣ ውሃውም እኩል አይወርድም።

ኤሌክትሪኩ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ዲቫይደሩን ቁምሳጥኑ ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ከሳምፑ በላይ ግድግዳው ላይ ስቀሉት። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይዙር፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። መስመሩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ) ይኑር። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ንቀሉ፣ ሁልጊዜ።

ማሞቂያውን ፓምፑ ክፍል አታስገቡ። ውሃው የሚጎድለው እዚያ ነው፤ መስታወቱ ከውሃ ውጭ ሆኖ ከጋለ በኋላ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ክፍል ከፍታው ስለማይለወጥ ለእሱ ይስማማዋል።

ሙከራው

ዓሣ የለም፣ ማጣሪያም የለም፣ ውሃ ብቻ። ላይኛውን ገንዳ በመውረጃው መፍሰስ እስኪጀምር ሙሉ። ሳምፑን እያንዳንዱ ክፍል እንደየመከለያው ከፍታ ሙሉ። ፓምፑን አስነሱ። የፓምፑ ክፍል ይጎድላል፤ ቱቦዎቹ እየሞሉ፣ ላይኛውም በጥቂት ሚሊ ከፍ እያለ ነው። 20 ሴንቲ ላይ እስኪረጋ ጨምሩ። ሲረጋ በማርከር አስምሩ። ይህ መስመር ከዚህ በኋላ የማይታለፍ ጣሪያችሁ ነው፤ ውሃ ስትጨምሩ ከሱ አትለፉ።

አሁን ፓምፑን ንቀሉ፣ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። የቆመበትን አስምሩ። ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሴንቲ ካልቀረ የመመለሻ ቱቦውን አፍ ከፍ አድርጉ ወይም የሥራ መስመሩን ዝቅ አድርጉ። እንደገና ሞክሩ። ቀጥሎ የዋናውን መውረጃ አፍ በእጃችሁ ዝጉና የአደጋ ጊዜው ብቻውን ውሃውን መቻሉን እዩ። በመጨረሻ ሁለቱንም ዝጉ። ላይኛው እየሞላ ይሄዳል፣ የፓምፑ ክፍል እየጎደለ ይሄዳል፣ ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ላይኛው ከጠርዙ በታች መቆም አለበት። እጃችሁ መሰኪያው አጠገብ ይሁን።

ሦስቱን ፈተና ሦስት ሦስት ጊዜ አድርጉት። መብራቱ ሲመለስ ራሱ መነሳቱንም እዩ፤ እናንተ ቤት ባትኖሩም መሥራት አለበት።

ማጣሪያውን ማስገባት

ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ ቆሻሻውን የሚይዘው መጀመሪያ፣ ባክቴሪያ የሚኖርበት ቀጥሎ። መጀመሪያው ክፍል ላይ መውረጃው ሥር የማጣሪያ ከረጢት ወይም ስፖንጅ፣ ሻካራው ቀድሞ ልሙ ኋላ። ሁለተኛው ክፍል ላይ የሴራሚክ ቀለበት ወይም ቀዳዳ የበዛበት ማንኛውም ነገር፤ ከወለሉ 5 ሴንቲ ከፍ ባለ የፕላስቲክ ፍርግርግ ላይ ይቀመጥ፣ ውሃው ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆት ይለፍ። በጎኑ ክፍተት ካለ ውሃ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ሙሉት።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት። ለመራባት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። ዓሣ ያለበት ገንዳ ላይ ሳምፕ የምትጨምሩ ከሆነ አሮጌውን ፊልተር አትንቀሉት፤ ለዚያን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ይሥሩ። እኔ የአሮጌውን ስፖንጅ ቆርጬ ሳምፑ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ያፈጥነዋል።

ከረጢቱን በየጥቂት ቀኑ ቀይሩ ወይም እጠቡ፤ የተያዘ ቆሻሻ እዚያው ከቆየ እዚያው ይበሰብሳል። የባክቴሪያውን ክፍል ግን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፣ ክሎሪን ይጨርሳቸዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከር ነከር አድርጉት፣ ይበቃል።

የባህር ውሃ ገንዳ ከሆነ መጀመሪያው ክፍል ላይ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ለይቶ የሚያወጣ ዕቃ) ይቀመጣል፣ ከፍታው የማይለዋወጥ ውሃ ስለሚፈልግ። የተነነውንም በጨው ውሃ ሳይሆን በንጹህ ውሃ ብቻ ተኩ፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨውስ እዚያው ነው የሚቀረው።

ከዚያ በኋላ

በወር አንድ ጊዜ ፓምፑን ንቀሉና ውሃው የድሮው መስመር ላይ መቆሙን እዩ። ከፍ ብሎ ከቆመ የሆነ ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ወይም የቱቦው አፍ ተንሸራቶ ወርዷል። የመውረጃውን ጥርስ ከአልጌና ከቀንድ አውጣ አጽዱ። ፓምፑን በየሦስት ወይም አራት ወሩ አውጥታችሁ አቼቶ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ነጩ ቅርፊት ይለቃል። ስትመልሱት በደንብ አለቅልቁት፣ ዩኒየኑን በእጅ አጥብቁ፣ ከማስነሳታችሁ በፊትም የፓምፑ ክፍል ውሃ መስመሩ ላይ መሆኑን አንዴ ተመልከቱ።